የሕፃናት የልብ ንቅለ ተከላ፦ ከስፌቱ በላይ ያለው ፈተና

የልብ ንቅለ ተከላ ማለት ከእንግዲህ በመድኃኒትም ሆነ በጥገና ሊያገግም የማይችልን ልብ አውጥቶ፣ ብዙውን ጊዜ አንጎሉ ሙሉ በሙሉና በማይመለስ ሁኔታ ሥራውን ካቆመ ሌላ ሰው በተወሰደ ጤናማ ልብ መተካት ነው። ይህ ሕክምና በሕፃናት ላይ ሲከናወን በአዋቂዎች ላይ ከሚከናወነው የሚለየው በልቡ መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ለንቅለ ተከላ በሚያበቃው ሕመም፣ ሰውነት አዲሱን ልብ በሚቀበልበት መንገድ፣ በለጋሹ ማንነትና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሚመጣው ረጅም ሕይወት ጭምር ነው። በመላው ዓለም በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ ልብ የሚተከልላቸው ሕፃናትና ታዳጊዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ እንጂ ሺህ የሚሞሉ አይደሉም። ቁጥሩ ይህን ያህል ያነሰው ግን እጀ ብልህ ቀዶ ሐኪም ስለጠፋ አይደለም፤ ልብን ከደም ሥሮች ጋር አጋጥሞ የመስፋቱ ጥበብ ከስልሳ ዓመታት በፊት የተፈታ ጥያቄ ነው። እስከ ዛሬ አስቸጋሪ ሆነው የዘለቁት የተቀባዩ ሰውነት የሌላን ሰው አካል እንዲታገሥ ማድረግና ለትንሽ ደረት የሚሆን ትንሽ ልብ ማግኘት ናቸው፤ የሕፃናት የልብ ንቅለ ተከላ ታሪክም በአመዛኙ የእነዚህ ሁለት ችግሮች ታሪክ ነው። በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አዋቂ ሰው ለንቅለ ተከላ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ልብን የሚመግቡት ደም ሥሮች ለዓመታት ሲጠቡ ኖረው፣ ወይም የልብ ጡንቻው በተለያዩ ሕመሞች ተዳክሞ ነው። በሕፃናት ዘንድ ግን መነሻዎቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ልብ በማሕፀን ውስጥ ሲሠራ በአፈጣጠሩ ላይ የሚደርስ ጉድለት ሲሆን፣ ሁለተኛው በዘር በሚተላለፍ እንከን፣ በቫይረስ ወይም ባልታወቀ ምክንያት የልብ ጡንቻ ራሱ የሚዝልበትና ሐኪሞች ካርዲዮማዮፓቲ የሚሉት ሕመም ነው። ዓመት ባልሞላቸው ጨቅላዎች ላይ የአፈጣጠር ጉድለቱ ሲያመዝን፣ ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ የጡንቻው ሕመም ድርሻ ይጨምራል።

ከአፈጣጠር ጉድለቶች ሁሉ የንቅለ ተከላን ታሪክ ወደ ፊት የገፋው የግራው የልብ ክፍል ሳይዳብር የሚቀርበት ሕመም ነው። ጤናማ ልብ በቀኝ በኩሉ ደምን ወደ ሳንባ፣ በግራ በኩሉ ደግሞ ኦክስጅን ያገኘውን ደም አኦርታ በሚባለው ዋና ደም ቅዳ አማካይነት ወደ መላው ሰውነት ይገፋል። ይህ ሕመም ያለበት ሕፃን ግራው የታችኛው የልብ ክፍል እጅግ ትንሽ ሆኖ ስለሚወለድ የሁለቱንም ሥራ የሚሸከመው ቀኙ ብቻ ነው፤ ደሙም ወደ ሰውነት የሚደርሰው ፅንስ በማሕፀን ሳለ በሚጠቀምበትና ከልደት በኋላ በቀናት ውስጥ በሚዘጋ አጭር መተላለፊያ ቧንቧ በኩል ነው። ስለዚህ ሲወለድ ደህና የሚመስለው ሕፃን መተላለፊያው መዘጋት ሲጀምር ይገረጣል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ መጥባት ያቅተዋል፤ ፕሮስታግላንዲን የተባለው መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጥቶት መተላለፊያው ክፍት ካልቆየለት ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለእነዚህ ሕፃናት ወላጆች የሚሰጠው ምክር ልጁን አቅፈው እንዲሰናበቱት ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገዶች በተቀራራቢ ጊዜ ተከፈቱ። አንዱ ዊልያም ኖርዉድ ያስጀመረው፣ ቀኙ የልብ ክፍል ለመላው ሰውነት እንዲሠራ በደረጃ በሚደረጉ ሦስት ቀዶ ሕክምናዎች ደም ሥሮችን እንደገና የማዋቀር ዘዴ ሲሆን፣ ሌላው ንቅለ ተከላ ነው።

የንቅለ ተከላው የስፌት ዘዴ የተቀመረው በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ኖርማን ሻምዌይና ሪቻርድ ላወር በ1960 ባሳተሙት ሥራ የአንዱ ውሻ ልብ በሌላው ደረት ውስጥ ለቀናትና ለሳምንታት መምታት እንደሚችል አሳይተው ነበር። ዓለም የሚያስታውሰው ግን ዲሴምበር 3 ቀን 1967 በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን፣ በግሩት ስኩር ሆስፒታል ክሪስቲያን ባርናርድ በአንድ ጎልማሳ ላይ ያካሄዱትን የመጀመሪያውን የሰው ለሰው የልብ ንቅለ ተከላ ነው። ከዚህ በሦስት ቀን ልዩነት፣ ዲሴምበር 6፣ በኒው ዮርክ ብሩክሊን በማይሞኒደስ ሆስፒታል አድሪያን ካንትሮዊትዝ ሦስት ሳምንት ላልሞላው ሕፃን የሌላ አራስ ልብ እንደተከሉ ብዙ ሰው አያውቅም። የዓለም ሁለተኛው የልብ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ጨቅላ ሕፃን ነበር ማለት ነው። ለጋሹ የራስ ቅሉና የአንጎሉ አብዛኛው ክፍል ሳይፈጠር የተወለደና በሕይወት የመቆየት ተስፋ ያልነበረው አራስ ሲሆን፣ ተቀባዩም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከጥቂት ሰዓታት በላይ አልኖረም።

ካንትሮዊትዝ ይህንኑ ሥራ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት፣ በጁን 1966 ሊፈጽሙ ተዘጋጅተው እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ሥራውን ያስቀረው የቴክኒክ ድክመት ሳይሆን፣ የቡድኑ አባላት የለጋሹ ልብ ራሱ መምታቱን እስኪያቆም ድረስ መነካት የለበትም በማለታቸው ነበር። ልቡ በቆመ ጊዜ ደግሞ ለንቅለ ተከላ የማይሆን ሆኖ ተገኘ። በዚያ የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የተነሣው ጥያቄ፣ ማለትም ሰው ሞተ የሚባለው መቼ ነው የሚለው፣ በ1968 በሃርቫርድ የተሰየመ ኮሚቴ የማይመለስ የአንጎል ሥራ መቋረጥን እንደ ሞት መለኪያ እንዲወሰድ ሐሳብ ካቀረበ በኋላ በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ መልስ እያገኘ መጣ። በሕፃናት ላይ ግን የአንጎልን ሞት ማረጋገጥ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ጉዳትን የሚቋቋምበት መንገድ ከአዋቂው ስለሚለይ፣ በአሜሪካ በ2011 የወጣው መመሪያ ሁለት የተለያዩ ሐኪሞች ሁለት ጊዜ እንዲመረምሩና በምርመራዎቹ መካከል ለአራሶች 24 ሰዓት፣ ከአንድ ወር በላይ ለሆናቸው ልጆች ደግሞ 12 ሰዓት እንዲቆይ አዝዞ ነበር።

በ1968 አንድ ዓመት ብቻ ከመቶ በላይ የልብ ንቅለ ተከላዎች በተለያዩ አገሮች ተካሄዱ፤ አብዛኞቹ ተቀባዮች በሳምንታትና በወራት ውስጥ በመሞታቸው ግን ብዙዎቹ ሆስፒታሎች ሥራውን አቆሙ። ምክንያቱ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት የራሱ የሆነውን ከባዕዱ የሚለይበት ምልክት በአብዛኞቹ ሕዋሳት ገጽ ላይ ስላለ፣ የተተከለውን ልብ እንደ ወራሪ ቆጥሮ በነጭ የደም ሕዋሳትና ፀረ እንግዳ በሚባሉ ፕሮቲኖች ያጠቃዋል። ያን ጊዜ የነበሩት መድኃኒቶች ጥቃቱን የሚያስታግሱት መከላከያውን በጅምላ በማዳከም ስለነበር፣ ልቡን ያተረፉለትን ሰው ለሳንባ ምች ይዳርጉት ነበር። በልጆች ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳት ነበራቸው፤ በብዛት ይሰጥ የነበረው የኮርቲዞን ዓይነት መድኃኒት የልጁን ዕድገት ያቀጭጫል።

ለውጡ የመጣው ከአፈር ነው። ከኖርዌይ ሃርዳንገርቪዳ አምባ በተወሰደ የአፈር ናሙና ውስጥ ከተገኘ ፈንገስ፣ በስዊዘርላንዱ የሳንዶዝ መድኃኒት ፋብሪካ ሳይክሎስፖሪን የተባለ ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣ፤ ዣን ፍራንስዋ ቦሬልና የሥራ ባልደረቦቹም በ1970ዎቹ ይህ ንጥረ ነገር ባዕድ አካልን የሚያጠቁትን ነጭ የደም ሕዋሳት ለይቶ እንደሚገታ፣ ሌሎቹን የደም ሕዋሳት ግን በጅምላ እንደማይገድል አረጋገጡ። መድኃኒቱ በ1983 በአሜሪካ ከተፈቀደ በኋላ የልብ ንቅለ ተከላ እንደ አዲስ ተወለደ ማለት ይቻላል። ከልጆች አንጻር ሲታይ የሳይክሎስፖሪን ትሩፋት እጥፍ ነበር፤ ልቡን ከመጠበቁ በላይ የኮርቲዞኑን መጠን ለመቀነስ ስላስቻለ፣ ልጆቹ ቁመታቸው እየጨመረ እንዲያድጉ ፈቀደላቸው። ዛሬ በአብዛኞቹ የሕፃናት ማዕከላት ቦታውን የወሰደው በጃፓን በ1984 ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘው ታክሮሊመስ ነው።

በዚያው በ1984 ኦክቶበር 26፣ በካሊፎርኒያ በሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሊዮናርድ ቤይሊ የግራ ልቧ ሳይዳብር ለተወለደች የ12 ቀን ሕፃን የዝንጀሮ ልብ ተከሉ። ሕፃኗ ቤቢ ፌይ በሚል ስም ትታወቃለች። ቤይሊ ዝንጀሮን የመረጡት ለአራስ የሚሆን የሰው ልብ ፈጽሞ አይገኝም ተብሎ ይታመን በነበረበት ጊዜ ሲሆን፣ የአራስ መከላከያ ሥርዓት ገና ያልጠነከረ በመሆኑ ባዕዱን ልብ ሊታገሥ ይችላል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ሕፃኗ ኖቬምበር 15 አረፈች። ደሟ ኦ ዓይነት ሆኖ ሳለ የዝንጀሮው ከዚያ ጋር የማይስማማ መሆኑ ለሞቷ ዋና ምክንያት እንደነበር ቤይሊ ራሳቸው በኋላ ተናግረዋል፤ ዝንጀሮዎች ኦ የደም ዓይነት የሚኖራቸው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። የሰው ልብ በበቂ ሁኔታ አልተፈለገም፣ ወላጆችም አማራጮቹ ሁሉ በግልጽ አልቀረቡላቸውም የሚል ብርቱ ወቀሳ ተነሣ፤ ወቀሳው ተገቢ ነበር፤ ልጇን ለማትረፍ የምትጨነቅ እናት የምትሰጠው ፈቃድ፣ የሕክምናው ተስፋና የሙከራነቱ ልክ ተለይቶ ካልተነገራት በስተቀር ሙሉ ፈቃድ ሊባል አይችልም። የሆነ ሆኖ ዜናው አራሶችም ለጋሽም ተቀባይም ሊሆኑ እንደሚችሉ ለሕዝብና ለሆስፒታሎች አሳወቀ። በኖቬምበር 1985 ቤይሊ የአራት ቀን ዕድሜ ላለው ሕፃን የሰው ልብ ተከሉ፤ ያ ልጅ አድጎ ለአቅመ አዳም በቃ።

ቤይሊ በዝንጀሮው ልብ ያልተሳካላቸው ግምት፣ ማለትም የአራስ ሰውነት ባዕድን ይታገሣል የሚለው፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በሌላ መንገድ እውነት ሆኖ ተገኘ። የደም ዓይነት ኤ፣ ቢ፣ ኤቢና ኦ ተብሎ የሚከፈለው በቀይ የደም ሕዋሳትና በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ባሉ የስኳር ሞለኪውሎች ሲሆን፣ አንድ ሰው በራሱ ላይ የሌለውን ዓይነት የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ ፕሮቲን በደሙ ውስጥ ይዞ ይኖራል። ስለዚህ የደም ዓይነቱ የማይስማማ ልብ ለአዋቂ ቢተከል በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ደም ሥሮቹ በረጋ ደም ተደፍነው ልቡ ይጠቁራል። ይሁን እንጂ ሰው እነዚህን ፀረ እንግዳ ፕሮቲኖች ይዞ አይወለድም፤ የሚያመርታቸው አንጀቱ ውስጥ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች ተመሳሳይ ስኳሮችን ሲያቀርቡለት፣ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ወዲህ ቀስ በቀስ ነው። ሎሪ ዌስት የተባሉት ካናዳዊት ሐኪም ከዚህ ተነሥተው፣ መስኮቱ ክፍት በሆነበት በዚያ አጭር ጊዜ የደም ዓይነቱ የማይስማማ ልብ ቢተከል ምን ይሆናል ብለው ጠየቁ። በ1996 በቶሮንቶ የሕፃናት ሆስፒታል የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ፤ በ2001 ዌስትና ባልደረቦቻቸው ከአራት ሰዓት እስከ 14 ወር ዕድሜ ባላቸው አሥር ሕፃናት ላይ የተገኘውን ውጤት አሳተሙ፤ ልቦቹ በደም ዓይነት ምክንያት አልተጠቁም። በዚያ ማዕከል ልብ ከሚጠባበቁት ጨቅላዎች መካከል የነበረው የሞት መጠን ከ58 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ከዚህ የሚልቀው ግኝት ግን በኋላ የታየው ነው። ልጆቹ ሲያድጉ ሰውነታቸው የተተከለላቸውን ልብ የደም ዓይነት የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ ማምረት እንደማይጀምር፣ ሌላውን ዓይነት የሚያጠቃውን ግን እንደ ማንኛውም ልጅ እንደሚያመርት ተደረሰበት። በሌላ አነጋገር መከላከያ ሥርዓታቸው ያ ባዕድ ስኳር የራሱ እንደሆነ ተምሯል። በሌላ የንቅለ ተከላ ዘርፍ ሳይንቲስቶች ለአሥርት ዓመታት ሲመኙት የኖሩትን መታገሥ የአራሱ ሰውነት በገዛ ራሱ ፈጽሞት መገኘቱ፣ ሕፃን ማለት ያነሰ አዋቂ ማለት ነው ብሎ ማሰብ ምን ያህል እንደሚያሳስት ያሳያል። ድክመት ተብሎ ይቆጠር የነበረው የመከላከያው አለመብሰል፣ በትክክለኛው ሰዓት ሲያገኙት ጉልበት ሆነ።

የሁለተኛው ችግር ምንጭ ለጋሽ ነው። አዋቂ ተቀባይ ከራሱ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ለጋሽ ሲፈልግ፣ ሕፃንም እንዲሁ ለደረቱ የሚበቃ ልብ ያስፈልገዋል፤ የታመመ ልብ አብጦ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ከሕፃኑ ክብደት እጥፍና ከዚያም በላይ ካለው ልጅ የተወሰደ ልብ ሊያስተናግድ ቢችልም፣ የአዋቂ ልብ በአራስ ደረት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ለሕፃን የሚሆን ልብ የሚገኘው ከሌላ ሕፃን ወይም ልጅ ሞት ብቻ ነው። የሚለግሱት ደግሞ በአደጋ፣ በመስጠም ወይም ድንገት በመጣ የአንጎል ጉዳት ልጃቸውን በዚያው ሰዓት ያጡ ወላጆች ናቸው። ስለ ንቅለ ተከላ የሚጽፉ ብዙዎች ስለ ተቀባዩ ቤተሰብ ደስታ ሲያወሱ በእነዚህ ወላጆች ላይ ቶሎ ያልፋሉ፤ ሕክምናው በሙሉ የቆመው ግን እነርሱ ከማንም በላይ በተሰበሩበት ሰዓት በሚሰጡት ፈቃድ ላይ ነው።

ሕግና ልማድ በዚህ ፈቃድ ላይ ምን ያህል እንደሚወስኑ ከጃፓን ታሪክ በላይ የሚያስረዳ የለም። በኦገስት 1968 በሳፖሮ ጁሮ ዋዳ የተባሉ ቀዶ ሐኪም ለአንድ የ18 ዓመት ወጣት ልብ ተከሉ፤ ወጣቱ 83 ቀን ኖሮ ሲሞት፣ ለጋሹ በእርግጥ ሞቶ ነበር ወይ፣ ተቀባዩስ ንቅለ ተከላ የሚያሻው ነበር ወይ የሚሉ ጥያቄዎች ተነሥተው ጉዳዩ በነፍስ ግድያ ጥርጣሬ እስከ ምርመራ ደረሰ። ክስ ባይመሠረትም በሕዝቡ ላይ የተተከለው ጥርጣሬ ሥር ስለሰደደ፣ በዚያች በሕክምና በበለጸገች አገር ቀጣዩ የልብ ንቅለ ተከላ የተከናወነው በ1999 ነው። በ1997 የወጣው ሕግም ለጋሹ በሕይወት ሳለ በጽሑፍ መፍቀዱን ስለሚጠይቅና ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲህ ያለውን ፈቃድ መስጠት አይችልም ተብሎ ስለተወሰደ፣ የጃፓን ትንንሽ ሕፃናት በአገራቸው ልብ የሚያገኙበት በር ተዘጋ። ወላጆች በየጎዳናው ገንዘብ እያሰባሰቡ ልጆቻቸውን ወደ አሜሪካና ጀርመን ይወስዱ ጀመር፤ በሄዱበት ደግሞ የሚጠብቋቸው ልቦች የዚያ አገር ሕፃናትም ተራ ይዘው የሚጠባበቋቸው ነበሩ። በ2008 የኢስታንቡል መግለጫ አገሮች የአካል ልገሳ ፍላጎታቸውን በየራሳቸው ለማሟላት እንዲጥሩ ከጠየቀ በኋላ የጃፓን ምክር ቤት በ2009 ሕጉን አሻሻለ፤ ከጁላይ 2010 ጀምሮ የቤተሰብ ፈቃድ በቂ ሆነ፤ በ2011 ከ15 ዓመት በታች፣ በ2012 ደግሞ ከስድስት ዓመት በታች የሆነ ለጋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ። ቁጥሩ ዛሬም አነስተኛ ነው፤ ሕግን በአንድ ቀን መለወጥ ይቻላል፣ መተማመንን ግን አይቻልም።

ተራ ጠባቂው ሕፃን ልቡ እንዳይቆም የሚያግዙት ዘዴዎች አሉ። ከእነዚህ ዋናው በጀርመን የተሠራውና በርሊን ኸርት በሚለው ስም የሚታወቀው ፓምፕ ነው፤ ፓምፑ ከሰውነት ውጭ ሆኖ፣ ሆድ ላይ ባለ ቀዳዳ በሚያልፉ ቱቦዎች ከልብ ደም ተቀብሎ በአየር ግፊት ወደ ደም ቅዳው ይመልሳል። ለጨቅላዎች የሚሆነው ትንሹ ፓምፕ በአንድ ምት የሚገፋው 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ የሚያህል ደም ነው። በአሜሪካ በዲሴምበር 2011 የተፈቀደው ይህ መሣሪያ ብዙ ልጆችን ለንቅለ ተከላ ሲያደርስ፣ በፓምፑ ውስጥ የሚረጋው ደም ወደ አንጎል እየሄደ ስትሮክ ሊያስከትል ስለሚችል፣ በ2012 በታተመው የመጀመሪያው ሰፊ ጥናት ከአራት ልጆች ከአንድ በላይ የሆኑት ይህ ጉዳት ደርሶባቸዋል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች ከሐኪም የሚሰሙት አንድ ኤ፣ አንድ ቢና ሁለት የሚባለው የተራ ደረጃም በአመዛኙ የሚለካው ልጁ በሚያስፈልገው እገዛ ነው፤ በመተንፈሻ ማሽን ወይም በእንዲህ ያለ ፓምፕ ላይ ያለ ልጅ በአንድ ኤ ይመደባል።

ልብ ሲገኝ ጊዜ ይቆጠራል። ከለጋሹ የወጣው ልብ በልዩ ፈሳሽ ቆሞና በበረዶ ቀዝቅዞ ሲጓጓዝ ጉዳት ሳይደርስበት የሚቆየው አራት ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ የለጋሹና የተቀባዩ ቀዶ ሕክምናዎች በሁለት ከተሞች ተናብበው ይካሄዳሉ። የተቀባዩ ደም የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ በሚሠራ ማሽን ውስጥ እያለፈ፣ አሮጌው ልብ ወጥቶ አዲሱ ይሰፋል፤ የግራ ልቡ ላልዳበረ ሕፃን ከሆነ የራሱ አኦርታ ጠባብ ስለሚሆን ከለጋሹ ረዘም ያለ የአኦርታ ክፍል አብሮ ይወሰዳል። ቀደም ሲል ብዙ ቀዶ ሕክምና ያለፈባቸው ልጆች ሥራው ይከብድባቸዋል፤ ጠባሳው ደም መፍሰስን ያበዛል፣ በየጊዜው የወሰዱት ደምም ሰውነታቸው ብዙ ሰዎችን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ እንዲያከማች ስለሚያደርግ የሚስማማ ልብ ማግኘት ያስቸግራል።

የተተከለው ልብ ነርቮቹ የተቆረጡ ልብ ነው። ምቱን የሚያዘገየው ነርቭ ስለሌለው ልጁ በዕረፍት ላይ ሳለም ከእኩዮቹ ፈጠን ብሎ ይመታል፤ ሲሮጥ ደግሞ ፍጥነቱን የሚጨምረው በደም የሚመጣውን አድሬናሊን እየጠበቀ ስለሆነ ዘግይቶ ይነሣል፣ ዘግይቶም ይረጋጋል። ስለዚህ እነዚህ ልጆች ከጨዋታ በፊት ሰውነታቸውን እንዲያሟሙቁ ይመከራሉ። ልቡ ከልጁ ጋር ያድጋል፤ ለአራስ የተተከለው ልብ የጎረምሳ ልብ ይሆናል፤ ይህ በማንኛውም ሰው ሠራሽ መሣሪያ የማይገኝ ጸጋ ነው።

ሰውነት ልቡን እያጠቃው መሆኑን ቀድሞ ማወቅ ግን ቀላል አይደለም። ትልልቆች ድካምና ትንፋሽ ማጠር ይናገራሉ፤ ሕፃን ግን የሚነጫነጨው፣ ጡት የሚተወው፣ የሚያስመልሰው ወይም ሆዱን የሚያመው በጉንፋንም በልብ መጠቃትም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በስታንፎርድ ፊሊፕ ኬቭስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፈጠሩት፣ በአንገት ደም ሥር በኩል ወደ ልብ ገብቶ ቅንጣት የጡንቻ ናሙና የሚቆነጥር መሣሪያ ዛሬም የሚሠራበት። መድኃኒቱ በበኩሉ ዕለት በዕለት፣ ሰዓት ጠብቆ፣ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። መከላከያውን ስለሚያዳክም የኩፍኝን የመሳሰሉ ሕያው ክትባቶች በተቻለ መጠን ከንቅለ ተከላው በፊት ይሰጣሉ፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው አይሰጡም። ኩላሊትንም ቀስ በቀስ ይጎዳል። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ቀላል ሕመም ሆኖ የሚያልፈው ኤፕስታይን ባር የተባለ ቫይረስም በእነዚህ ልጆች ላይ የንፍፊት ካንሰር ዓይነት ሊያስከትል ይችላል። በዓመታት ሂደት ደግሞ የተተከለው ልብ ደም ቅዳዎች ግድግዳቸው እየወፈረ ይጠባሉ፤ ልቡ የሕመም ነርቭ ስለሌለው ልጁ የደረት ውጋት ላይሰማው ይችላል፣ ደም ቅዳዎቹም በዓመታዊ ምርመራ ይታያሉ።

ውጤቱ ይህን ሁሉ ድካም የሚያስቆጭ አይደለም። ከአሥር ልጆች ዘጠኝ ያህሉ የመጀመሪያውን ዓመት ያልፋሉ፤ በጨቅላነታቸው ከተተከለላቸው መካከል ግማሾቹ ከ20 ዓመት በላይ ይኖራሉ። በጉርምስና ዕድሜ የተተከለላቸው ግን ከእነዚህ አጠር ያለ ጊዜ ነው የሚቆዩት፤ ለዚህ አንዱ ምክንያት መከላከያ ሥርዓታቸው የበሰለ መሆኑ ሲሆን፣ ሌላው ከሕክምና ይልቅ ከሕይወት የሚመነጭ ነው። እናቱ በእጇ መድኃኒቱን እየሰጠች ያሳደገችው ልጅ ጎርምሶ ራሱን ሲችል፣ ደህንነት ስለሚሰማው፣ መድኃኒቱ ፊቱን ስለሚያሳብጥበት ወይም እንደ ጓደኞቹ መሆን ስለሚፈልግ አንድ ቀን ያልፈዋል፣ ሌላም ቀን ይደግማል፤ በዚህ መንገድ ጤናማ የነበረ ልብ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ይህን የልጁ ጥፋት ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ከሕፃናት ክፍል ወደ አዋቂዎች ክፍል በሚሸጋገርበት ጊዜ የሚያውቁትን ሐኪሞች ያጣል፣ ኃላፊነቱም በድንገት ይወርድበታል፤ ጥሩ የሚባሉት ማዕከላት ይህን ሽግግር ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ጀምረው የሚያዘጋጁትም ለዚሁ ነው።

በኢትዮጵያ የልብ ንቅለ ተከላ አይሰጥም። በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በሕይወት ባለ ዘመድ ልገሳ የሚሠራ በመሆኑ፣ የአንጎልን ሞት የሚያረጋግጥና ለጋሽን ከተቀባይ የሚያገናኝ ሥርዓት ሳይኖር ሊካሄድ ይችላል፤ ለልብ ግን ይህ ሥርዓት የግድ ነው። ይሁንና ለኢትዮጵያ ሕፃናት ከንቅለ ተከላ የሚቀድመው ሌላ ሥራ መኖሩ መታወቅ አለበት። በአገሪቱ በትምህርት ዕድሜ ያሉ ልጆችን ልብ በብዛት የሚያበላሸው ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሚመጣው የሩማቲክ ሕመም ሲሆን፣ ይህም የልብ በሮችን፣ ማለትም ቫልቮችን ያጠቃል፤ ጉሮሮው በወቅቱ ቢታከም፣ አንዴ የታመመውም በየወሩ ገደማ የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌ ሳያቋርጥ ቢወስድ ልቡ ሊድን ይችላል። በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የሚያካሂዳቸው ቀዶ ሕክምናዎችም ልብን የሚጠግኑ እንጂ የሚተኩ አይደሉም። ተራቸውን ሳያገኙ የሚሞቱ ሕፃናት ባሉበት አገር፣ አንድ ሕፃን በወቅቱ ተጠግኖ ለንቅለ ተከላ እንዳይደርስ ማድረግ የሚበልጥ ድል ነው።

ስለ ቫልቮች ከተነሣ፣ የንቅለ ተከላው ዘርፍ ራሱ በቅርቡ ወደዚያው ማምራቱን መግለጽ ይገባል። በልጅ ላይ የሚተከል በረዶ ውስጥ ተጠብቆ የቆየ ቫልቭ ሕይወት ስለሌለው አያድግም፤ ልጁ ባደገ ቁጥር እንደገና በቀዶ ሕክምና መለወጥ አለበት። በ2022 የጸደይ ወራት በሰሜን ካሮላይና የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በጆሴፍ ቱሬክ መሪነት፣ ከልቡ የሚወጡት ሁለት ዋና ደም ቅዳዎች ሳይለያዩ አንድ ሆነው ለተወለዱበት አራስ፣ ከለጋሽ የተወሰዱ ሕያው ቫልቮችን ከነደም ቅዳዎቻቸው ተከሉ፤ በ2024 በታተመው ዘገባ መሠረት ቫልቮቹ ከልጁ ጋር አብረው እያደጉ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለሙሉ ልብ ከሚያስፈልገው ያነሰ ነው፤ ጡንቻው ደክሞ ለሙሉ ንቅለ ተከላ የማይሆን ልብም ቫልቮቹ ጤናማ ከሆኑ ሊለገስ ይችላል። በዚሁ ሆስፒታል የልብ ጡንቻዋ ደክሞ ሙሉ ልብ ከተተከለላት ልጅ የወጣው የአሮጌው ልብ ቫልቮች ደህና ሆነው በመገኘታቸው ለሌሎች ልጆች ተሰጥተዋል። ቫልቮቹ ለምን ያህል ዓመት በሕይወት እንደሚቆዩ፣ መድኃኒቱስ ልጁ ካደገ በኋላ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን ገና በክትትል ላይ ያሉ ጥያቄዎች ናቸው።